«ጃጅተዋል» ከማለታችን በፊት፦ የአልኮል መጠጥና የአረጋውያን የማስታወስ ችሎታ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የሀና ማርያም አካባቢ፣ እንደ ሌሎቹ የከተማችን ሰፈሮች ሁሉ፣ አንድ አረጋዊ የቅርብ ሰው ስም ሲጠፋቸው ወይም የተነገራቸውን ወዲያው መልሰው ሲጠይቁ ከቤተሰብም ከጎረቤትም የሚሰማው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው፤ «ዕድሜ ነው»፣ «ጃጅተዋል» ይባላል። ብዙውን ጊዜም ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ጤና ጣቢያ የሚያስኬድ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለመርሳትና ለግራ መጋባት ከሚዳርጉ ምክንያቶች አንዱ፣ ማለትም ለረጅም ዓመታት በብዛት የተወሰደ የአልኮል መጠጥ፣ በወቅቱ ከታወቀ ጉዳቱ ሊገታ፣ በከፊልም ሊመለስ የሚችል ነው። «እርጅና ነው» ተብለው ቤት የተቀመጡ ታማሚ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያገኙት ይችሉ የነበረ ሕክምና ያመልጣቸዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ቤተሰብ ይህን ልዩነት እንዲያውቅ ነው።

መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም

ዕድሜ ሲገፋ የማስታወስ ፍጥነት መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። የእድር መዋጮ የሚከፈልበትን ቀን ዘንግተው ቆየት ብለው የሚያስታውሱ አረጋዊ ታመሙ አይባልም። ጠዋት ከፍለው ተመልሰው ከሰዓት በኋላ እንደገና ለመክፈል ሲነሱ፣ ለሠላሳ ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ ሲጠፋቸው፣ የብር ኖቶችን ለመለየት ሲቸገሩ ወይም ጠባያቸው ከቀድሞው ፈጽሞ ሲለወጥ ግን ጉዳዩ ከእርጅና ያለፈ ነው። በሕክምናው አጠራር የመርሳት ሕመም ወይም ዲሜንሺያ የሚባለው የማስታወስ፣ የማመዛዘንና የዕለት ተዕለት ሥራን የማከናወን ችሎታ በአንድነት እየደከመ የሚሄድበት ሁኔታ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚገኙት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ነው። ጉዳዩን የሚያጠናው የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት ሊቀነሱ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን የዘረዘረ ሲሆን፣ ሁሉም ቢወገዱ ከሕመሙ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከመጠን ያለፈ አልኮል ከ14ቱ አንዱ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገኙት የደም ግፊት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ድብርትና ከማኅበራዊ ሕይወት መገለልም ቢሆኑ አብዝቶ ከመጠጣት ጋር ብዙ ጊዜ አብረው የሚገኙ ናቸው።

በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች አጋላጭ ምክንያቶች ላይ የተካሄደው ሀገር አቀፍ ጥናት፣ ከአሥር ሰዎች አራቱ ገደማ ከጥናቱ በፊት በነበረው አንድ ወር ውስጥ አልኮል መጠጣታቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ያካተተው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት የሆኑትን ነው። በዚህ ጽሑፍ በተለይ የምናስባቸው ሰባ ዓመት የሞላቸው አባቶችና እናቶች በቁጥሩ ውስጥ አልተቆጠሩም ማለት ነው። የአልኮል ጉዳይ ሲነሳ ወጣቱ ላይ ብቻ ማተኮራችን ከጥናቶችም ጀምሮ የሚታይ ልማድ ነው።

በመለኪያና በብርሌ ውስጥ ምን ያህል አለ?

«አንድ ሁለት ብቻ ነው የምቀምሰው» የሚለውን አባባል የማያውቅ የለም። አንዱ ስንት እንደሆነ ግን አይታወቅም። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር አንድ መደበኛ መጠጥ ማለት 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ ነው። በዚህ ስሌት 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። 4 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 16 ግራም፣ 10 በመቶ የሆነ ሩብ ሊትር ጠጅ ደግሞ 20 ግራም ገደማ ነው። ጥንካሬው 40 በመቶ የደረሰ 50 ሚሊ ሊትር አረቄ 16 ግራም ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ ጥንካሬው በጽሑፍ የተገለጸው የቢራው ብቻ ነው። የጠላ፣ የጠጅና የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት፣ በአንድ ቤትም ከድፍድፍ ድፍድፍ ይለያያል፤ ዳግም አረቄ ከተራው እጅግ ይበረታል። ብርሌውም ሆነ መለኪያው በሁሉም ቤት እኩል አይደለም።

ለአብነት ያህል፣ በየምሽቱ ሦስት መለኪያ አረቄ የሚወስዱ አንድ የሰፈር ሽማግሌ እናስብ። ሰክረው አይታዩም፤ በሰዓታቸው ቤታቸው ይገባሉ፤ ማንም ጠጪ ብሎ አይጠራቸውም። ሦስቱ መለኪያ ከላይ ባለው ስሌት 48 ግራም፣ በሳምንት ደግሞ 336 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2020 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ ለመርሳት ሕመም ያጋልጣል ብሎ ያስቀመጠው ወሰን በሳምንት ከ168 ግራም በላይ ነበር። እኚህ ሰው የወሰኑን እጥፍ ይወስዳሉ ማለት ነው። ከዚህ ወሰን በታች ያለው ሁሉ ደህና ነው ማለትም አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ለጤና ፈጽሞ አያሰጋም ሊባል የሚችል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል።

በአረጋውያን ላይ ይህ ስሌት የበለጠ ይከብዳል። ዕድሜ ሲጨምር በሰውነት ውስጥ ያለው የውኃ መጠን ይቀንሳል፤ በዚህም ምክንያት በአርባ ዓመት ዕድሜ የተጠጣው ያው ብርሌ በሰባ ዓመት ሲጠጣ በደም ውስጥ የሚኖረው የአልኮል ክምችት ከፍ ይላል። «ድሮም የምጠጣው ይህንኑ ነው» የሚለው መከራከሪያ ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። መጠጡ ባይጨምርም የሚቀበለው ሰውነት ተለውጧል። በሴቶች ላይ ደግሞ፣ ከተፈጥሮ የሰውነት ውኃ መጠን አንጻር፣ ጉዳቱ በአነስተኛ መጠንም ይደርሳል።

አልኮል አንጎልን የሚጎዳባቸው መንገዶች

ለዓመታት በብዛት የሚወሰድ አልኮል የአንጎልን ሕዋሳትና የሚያገናኟቸውን መስመሮች ይጎዳል፤ አንጎልም በመጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ይበልጥ የሚጠቃው የፊተኛው ክፍል በመሆኑ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስተውለው መርሳትን ላይሆን ይችላል። ዕቅድ ማውጣት አለመቻል፣ ግልፍተኝነት፣ የንጽሕና ጉድለት፣ ይሉኝታ ማጣት ሊቀድሙ ይችላሉ። «ጠባያቸው ተበላሸ» የሚባሉ አባት ታመው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ግን ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ከተባለው ንጥረ ነገር እጥረት ጋር የተያያዘው ችግር ነው። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የበላውም ቢሆን አልኮሉ አንጀት ታያሚንን እንዳይመጥ ያደርገዋል። አንጎል ያለ ታያሚን ኃይል ማመንጨት ስለማይችል በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጎዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቬርኒከ በ1881 እ.ኤ.አ. የገለጸውና በስሙ የሚጠራው አጣዳፊ ሕመም የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ምልክቶቹ ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ ሳይጠጡም መንገዳገድ፣ የዓይን መንቀጥቀጥ ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ናቸው። ሁሉም በአንድነት የሚታዩት በጥቂት ታማሚዎች ላይ ብቻ ስለሆነ አንዱ መታየቱ በቂ ምክንያት ነው፤ ታማሚው ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ተቋም መወሰድ አለበት። እዚያም ታያሚን በመርፌ ይሰጣል። ግሉኮስ የሚያስፈልግ ከሆነም ታያሚኑ ሊዘገይ አይገባም፤ ያለ ታያሚን የሚሰጥ ግሉኮስ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላልና። ከመድኃኒት ቤት ቢ ኮምፕሌክስ ኪኒን ገዝቶ መስጠት ይህን ሕክምና አይተካም፤ የተጎዳ አንጀት ኪኒኑን በሚገባ አይመጥምና።

ሕክምናው ከዘገየ የሚከተለው ሩሲያዊው ሐኪም ሰርጌ ኮርሳኮፍ በ1887 እ.ኤ.አ. የገለጸው ቋሚ የማስታወስ ጉዳት ነው። እነዚህ ታማሚዎች የጥንቱን አጣርተው ያወራሉ፤ የዛሬውን አይዙም። በመካከል የጠፋውን ክፍተት ሳያውቁት ባልተፈጸመ ታሪክ ይሞሉታል፤ ትናንት ገጠር ዘመድ ጥየቃ ደርሰው እንደመጡ በዝርዝር ሊተርኩ ይችላሉ። ይህ ውሸት ወይም ተንኮል አይደለም። በዚህ ሳቢያ በቤተሰብ ውስጥ የሚነሳ ጠብና መቀያየም ቀላል አይደለምና ልጆች ይህን ቢያውቁ ብዙ ሐዘን ይቀርላቸዋል።

መውደቅም ሌላው መንገድ ነው። ጠጥተው ወደ ቤት ሲመለሱ የወደቁ አረጋዊ ለጊዜው ምንም ላይሰማቸው ይችላል፤ ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም ግን ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለትና መርሳትን ያስከትላል። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። ስለዚህ ሐኪም «ወድቀው ያውቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ያለፈውን አንድ ሁለት ወር ሁሉ ማስታወስ ይገባል።

መድኃኒትና መጠጥ በአንድ ቤት

ብዙ አረጋውያን ቢያንስ አንድ መድኃኒት በቋሚነት ይወስዳሉ። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ የስኳር ታማሚ ምግብ ሳይቀምሱ ቢጠጡ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚታየው መደናገርና መንተባተብ ስካር ስለሚመስል «ይተኙበት» ተብለው ይተዋሉ። የግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ከተቀመጡበት ሲነሱ ለመውደቅ ይዳርጋል። ለእንቅልፍ የሚታዘዘው ዲያዜፓም፣ ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ትራማዶል ከመጠጥ ጋር ተደምረው እስትንፋስን እስከማዳከም ሊደርሱ ይችላሉ። ከመጠጥ በፊት መድኃኒቱን ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም። ብዙዎች ለበዓል ወይም ለማኅበር ቀን ክኒናቸውን ይተዋሉ፤ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት ደግሞ አንጎልን በራሱ መንገድ ይጎዳል።

መጠጡ የሚገኝበት ኑሮ

በሀና ማርያምም ሆነ በሌላው የከተማችን ክፍል መጠጥ ከማኅበራዊ ሕይወት ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ጽዋ ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ክርስትናው፣ ሠርጉና ተዝካሩ ጠላ ያለበት ነው፤ አረጋውያን ከሰው የሚገናኙትም በአብዛኛው በእነዚሁ ቦታዎች ነው። ይህን ማኅበራዊ ትስስር ማፍረስ ለአንጎልም አይበጅም፤ መገለል ራሱ ከአጋላጭ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን ከላይ አይተናል። ብርሌው ቢቀር ማኅበሩ እንዳይቀር፣ ቡቅሬ ወይም ሌላ አልኮል የሌለው መጠጥ አብሮ ማቅረብ ለብዙ ማኅበራት የሚከብድ አይመስለንም።

አሳሳቢው በማኅበር ቀን ከሚጠጣው ይልቅ ብቻ የሚጠጣው ነው። በሥራ ዘመናቸው እምብዛም የማይጠጡ ሰዎች ጡረታ ከወጡ፣ የትዳር አጋራቸውን በሞት ካጡ ወይም ልጆቻቸው ወደ ሌላ ሰፈርና ወደ ውጭ ሀገር ከሄዱ በኋላ መጠጣት ይጀምራሉ። ከመሀል ከተማ ተነስተው ወደ ዳር የተዛወሩ አረጋውያን ደግሞ የቀድሞ ጎረቤታቸውን በቅርብ አያገኙም። በስተጀርባው ብዙ ጊዜ ድብርት አለ፤ ድብርት ደግሞ በአረጋውያን ላይ መርሳትን የሚመስልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሳይጠቀስ የሚታለፍ ሌላ ወገንም አለ። ጠላና አረቄ እያወጡ በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ እናቶች ሥራቸው ራሱ መቅመስን ይጠይቃል። ለእነዚህ ሴቶች «መጠጥ ይተዉ» ማለት «መተዳደሪያዎን ይተዉ» የማለት ያህል ሊሰማቸው ስለሚችል ችግራቸውን አይናገሩም። የሴት መጠጣት የሚነቀፍ በመሆኑም ቤተሰብ ይደብቀዋል። ቤት ለቤት የሚዘዋወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ በብልሃትና በአክብሮት እንዲያነሱ የሚጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጅናና መጠጥ በአንድነት የሚፈትኑት የእኛን ሀገር ብቻ አይደለም። ከቃኘው ሻለቃ ዘመን ጀምሮ የምናውቃት ደቡብ ኮሪያ፣ ሶጁ የተባለው መጠጥ የማኅበራዊ ኑሮ አካል የሆነባት ሀገር ስትሆን፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሕዝቧ አምስተኛው ዕድሜው 65ና ከዚያ በላይ ሆኗል። መንግሥቷ በ2017 እ.ኤ.አ. የመርሳት ሕመምን የመንግሥት ኃላፊነት አድርጎ በማወጅ በመላ ሀገሪቱ 256 የመርሳት ሕመም ማዕከላትን አደራጅቷል። የእኛ አቅም ከዚያ የራቀ ነው። ነገር ግን አረጋዊው በሰፈራቸው ተመርምረው ቤተሰብም በዚያው ምክር እንዲያገኝ የማድረጉ ሐሳብ ከጤና ኤክስቴንሽን አሠራራችን ጋር የሚገጥም ነው።

በድንገት ማቆም አደገኛ ሊሆን ይችላል

ቤተሰብ ችግሩን ሲረዳ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው እርምጃ ጠርሙሱን መደበቅ ነው። በየቀኑ አብዝተው የሚጠጡ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆሙ ግን ከስድስት ሰዓት እስከ አንድ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እረፍት ማጣት ይጀምራቸዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና ከባድ መደናገር ሊከተል ይችላል። ይህ ሁኔታ ካልታከመ ለሞት ያደርሳል።

ድንገተኛ ማቆም ሳይታሰብም ይከሰታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ በሌላ ሕመም ሆስፒታል ሲተኙ፣ ወይም ጠበል ለመጠመቅ ከቤት ርቀው ሲሰነብቱ መጠጡ ይቋረጣል። በሦስተኛው ቀን የሚታየው መንቀጥቀጥና ከማይታይ ነገር ጋር መነጋገር የክፉ መንፈስ ሥራ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ጠበልና ሕክምና የሚቃረኑ አይደሉም፤ ሁለቱን አስተባብረው የሚከታተሉ ብዙ ናቸው። ለመጠመቅ ከመሄድ በፊት ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ ስለ መጠጡ መናገር ሕይወት ያተርፋል።

በጤና ጣቢያ ምን ይደረጋል?

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጀመረውን፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በመደበኛ ጤና ተቋማት እንዲሰጥ የሚያስችለውን ፕሮግራም ቀድመው ከተቀበሉ ሀገሮች አንዷ ናት። ከአልኮል ጋር የተያያዙ ችግሮችም ሆኑ የመርሳት ሕመም በዚሁ ፕሮግራም ውስጥ የተካተቱ ናቸው። በመሆኑም መጀመሪያ የሚኬደው በአካባቢው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ነው።

ባለሙያው ስለ መጠጥ ልማድ አሥር ጥያቄዎች ያሉትን የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅ ሊጠቀም ይችላል፤ ከ40 ነጥብ 8ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምክር ወይም ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሎ ይታሰባል። የማስታወስ ምርመራው ቀንና ቦታ ከመጠየቅ፣ ሦስት ቃላት አስይዞ ቆይቶ ከማስደገም ይጀምራል። ትምህርት ቤት ያልገቡ አረጋውያን አንዳንዱን ጥያቄ በዚሁ ምክንያት ብቻ ሊስቱ ስለሚችሉ፣ አብሯቸው የሚኖር ሰው የሚሰጠው ቃል ከፈተናው ያልተናነሰ ዋጋ አለው። ከተቻለ መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን ያህል እንደሚጠጡና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በሚያውቅ ሰው ታጅበው ይምጡ። መድኃኒቶቹን ከነማሸጊያቸው ይዞ መምጣት ከስም ዝርዝር ይሻላል። ሐኪሙ እንደ ቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን መዛባት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ያሉትን ሌሎች ምክንያቶችም ይመረምራል።

ጠጥተው ባሉበት ወይም መጠጥ ባቆሙ ሰሞን በተደረገ ምርመራ ብቻ የመርሳት ሕመም አለ ብሎ መደምደም አይገባም። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ከመጠጥ ከራቁ ከሁለት ወር ያህል በኋላ ሲመረመሩ ነው። መጠጥ ሙሉ በሙሉ ያቆሙና በሚገባ የሚመገቡ ሰዎች የማሰብና የማስታወስ ችሎታቸው በተከታታይ ወራት ውስጥ ሲሻሻል ይታያል። የተሻሻለው ሁሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል ማለት አይደለም፤ እንደ አልዛይመር ያለ ሌላ ሕመም አብሮ ካለም መርሳቱ ሊቀጥል ይችላል። ያም ቢሆን በራስ እጅ መጉረስና መልበስ፣ የልጅ ልጅን በስም መጥራት የሚችሉበት ጊዜ መርዘሙ ለታማሚውም ለአስታማሚውም ትልቅ ነገር ነው።

መንግሥት በሕግ የወሰዳቸው እርምጃዎችም አሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት መገናኛ ብዙኃን እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሸጥም ደንግጓል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአልኮል መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል። በየቤቱ የሚጠመቀውና የሚወጣው መጠጥ ግን ማስታወቂያ ኖሮት አያውቅም፤ ጠጪዎቹ አረጋውያንም ከዕድሜው ገደብ ካለፉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኗቸዋል። በእነርሱ ዘንድ ከሕጉ ይልቅ የሚደርሰው የልጅ፣ የጎረቤት፣ የንስሐ አባትና የጤና ባለሙያ ቃል ነው።

ድንገተኛ ግራ መጋባት፣ መንገዳገድ፣ የሚጥል ሕመም ዓይነት መንፈራገጥ ወይም ከመውደቅ በኋላ የመጣ ድብታ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ታማሚውን ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። አጣዳፊ ላልሆነው በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀመራል፤ ከፍ ያለ ክትትል የሚያሻቸው ከዚያ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳላቸው ሌሎች ሆስፒታሎች ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆኑ ቤተሰቦች የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈር ወረቀታቸውን ይዘው ይቅረቡ።